ውሃ ላይ የቆመ ነጥብ

ፍላሹ ከናፕኪኑ ስር ነበር።

ሽመላ ናፕኪኑን ወደ ሰውየው ገፋችው። ቀና ብላ አላየችውም። ዓይኗ ሳህኗ ላይ ነው። በአመድ ውሃ ተዘፍዝፎ የተቀቀለው ዓሣ ቅቤ መሀል ይንቀጠቀጣል። የዚህ አገር ሰው በዚህ ዓሣ ይኮራል፤ ሲበላው ግን ፊቱን ይቋጥራል።

ቅዳሜ ቀትር ነው። ወሩ ጥር፣ አገሩ ሰሜን ሚኒሶታ። የቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ለዓመታዊው የዓሣ ግብዣ በመጣ ሰው ተጨናንቋል። ቦታውን የመረጠችው እሷ ናት። ግርግር ባለበት ማንም ማንንም አያዳምጥም። ደግሞም ያደገችው ከዚህ ብዙም በማይርቅ ሐይቅ ዳር ነው።

ሰውየው ራድ ይባላል። የመንግሥት ሠራተኛ ነው። ሥራው መግዛት ነው። ሰዎች ስልካቸው ላይ በነፃ የሚጭኗቸው መተግበሪያዎች አሉ፤ የአየር ጠባይ የሚናገር፣ ቅናሽ የሚጠቁም፣ የሐይቁን በረዶ ውፍረት የሚያሳይ። እነዚህ ሁሉ ባለስልኩ የት እንደዋለና የት እንዳደረ ይለቅማሉ። ክሊርሜዶው የተባለ ኩባንያ ለቅሞ ያከማቻል። ራድ ለቢሮው ይገዛል። ፍላሹን ያመጣችለት ዳና ፕሬል የኩባንያው ሻጭ ናት።

ዳና ፕሬል የምትባል ሴት ግን የለችም። ስሙ ለሥራው የተሰፋ ልብስ ነው። የላካት የቁጥጥር መሥሪያ ቤት የሚያውቃት ሽመላ ብሎ ነው። የተላከችውም ለአንድ ነገር ነው፤ ይህ ሰው ያለ ፍርድ ቤት ማዘዣ እንደሚገዛ በገዛ አፉ እንዲናገር። ደረቷ ላይ የሰካችው የብር ዓሣ ጌጥ ድምፅ ይቀዳል።

«ጠበቆቻችን ፈሪዎች ናቸው» አለችው። «ማዘዣ አላቸው ወይ እያሉ ይነዘንዙኛል።»

ራድ ሳቀ። «የምን ማዘዣ? በርሽን ሰብሬ ብገባ ዳኛ ያስፈልገኛል። ቁልፍሽን ገበያ ላይ ካገኘሁት ግን ገዝቼ እገባለሁ። ደረሰኝ ይበቃኛል።»

«አንድም ጊዜ ዳኛ አልጠየቃችሁም?»

«ተኝቶ የሚያድርን ሰው ለምን እቀሰቅሳለሁ?»

አገኘችው። የወራት ሥራ በአንድ ትንፋሽ ወጣ። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል፤ ራድ ንቀቱን እንኳ አይደብቅም። ታብሌቱን ከሳህኑ አጠገብ ዘረጋና በሹካው ጫፍ አንዲት ነጥብ ነካ።

«ያቺን ድንች የምታድለውን ሴትዮ አየሻት? ይህቺ እሷ ናት። ማክሰኞ ማክሰኞ የካንሰር ሕክምና ትሄዳለች። ባሏ አንድም ቀን አብሯት ሄዶ አያውቅም። የነገረችው ሰው ያለ አይመስለኝም፣ እሱም የሚያውቅ አይመስለኝም። እኔ ግን አውቃለሁ።»

ሴትየዋ በዚያው ቅጽበት መጥታ ድንች ጨመረችለት። «ጠግበሃል እንዴ የኔ ልጅ? ገና ምኑን በላህና!» አለችው። ራድ አመሰገናት።

ሽመላ ያን ጊዜ ልትገድለው ፈለገች። ፈገግ አለች እንጂ።

«አዲሱ ትኩስ መረጃችሁ ግሩም ነው» አለ ራድ። «ደቂቃ በደቂቃ። ዛሬ ጠዋት ደግሞ ቢሯችሁ ደውዬ ውሃ ላይ ያሉትን ነጥቦች አስጨምሬያለሁ።»

ሹካዋ ቆመ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የክሊርሜዶውን ፕሮግራም የጻፉት በረዶ አይተው የማያውቁ የሞቃት ከተማ ልጆች ናቸው። ሰው ውሃ ላይ አይቆምም ብለው ሐይቅ ላይ ያረፈን ነጥብ ሁሉ እንደ ስህተት ይጥሉታል። ሚኒሶታ ውስጥ ግን በጥር ሰው ውሃ ላይ ይቆማል። ጎጆ ይተክላል፣ ምድጃ ያነድዳል፣ በረዶውን በስቶ ዓሣ ያጠምዳል፣ ይተኛል። ሽመላ ይህን ቀዳዳ እንዳገኘች ማርሊስ ኮስኪን እዚያ ሸሸገቻት።

ማርሊስ በእነ ራድ ቢሮ ግዢ ክፍል ያረጀች ሴት ናት። ሰኞ ዳኛ ፊት ቆማ የመጀመሪያውን ግዢ ማን እንዳዘዘ ትናገራለች። ከእሷ በፊት ሊመሰክር የነበረው የሥራ ባልደረባዋ በስልኩ ተፈልጎ ተገኝቷል። አስከሬኑ የተገኘው ከመኪናው ስር ነው። ማርሊስ ይህን እያወቀች ስልኳን አልሰጥም አለች። እናቷ ዱሉት ከተማ፣ አረጋውያን ማረፊያ ውስጥ ታጣጥራለች። «እናቴ ስትሞት ሳልሰማ እቀራለሁ? ግደሉኝ እንጂ ስልኬን አትንኩ» አለች። ሽመላም እንደማትነካባት ቃል ገባችላት።

የውሃውን ዘዴ የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው። አንዷ እሷ። ሁለተኛው አለቃዋ ዌንደል ስትራንድ።

ሥራ ያስተማራት እሱ ነው። ሽመላ ያላትም እሱ ነው። ዘዴውን ስትነግረው በስልክ ሳቀ። የትኛው ሐይቅ እንደሆነ ግን አልነገረችውም። «እርስዎም ባያውቁት ይሻላል» ብላዋለች። «ጎበዝ ተማሪዬ» አላት።

ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ።

«ይህን እዪልኝ» አለ ራድ። ታብሌቱ ላይ ሐይቁ በነጥብ ተሞልቷል። «ሐይቅ ላይ ከተማ አለ እንዴ? ይህቺ ቀይዋ የምንፈልጋት ናት። ሰዎቻችን መንገድ ላይ ናቸው።»

«እኔን ምን አገባኝ?» አለች። «እኔ ሻጭ ነኝ።»

ከጠረጴዛው ስር ቀዝቃዛ ብረት ጉልበቷን ነካት።

«ዌንደል ሰላም ብሎሻል፣ ሽመላ።»

ሹካዋን ሳህኗ ላይ አስቀመጠች።

«ተነሺ» አለ ራድ። «በጓሮ በር። ፈገግ እያልሽ።»

ፈገግ እያለች ወጣች። ድንች የምታድለው ሴትዮ ከኋላቸው «ኬክ ሳትበሉ!» ብላ ጮኸች።

ጓሮው በረዶ ነው። ትልልቅ ድስቶች ጋዝ ምድጃ ላይ ተጥደው ይንፈቀፈቃሉ። ወንዶቹ የበሰለውን ይዘው ገና መግባታቸው ነው። ማንም የለም። ራድ ሽጉጡን ከኮቱ ኪስ አወጣ። ድምፅ ማፈኛ አለው።

«ጌጡን አውልቂና ስጪኝ።»

እጇን ወደ ደረቷ ላከች። እግሯን ወደ ምድጃው።

ድስቱ ተገለበጠ።

የፈላው ውሃ ከጭኑ እስከ ጫማው ወረደበት። ጩኸቱ የሰው አልመሰለም። ሽጉጡ ሁለት ጊዜ በረዶው ላይ ተኮሰ። ሽመላ የድስቱን ክዳን በሁለት እጇ ይዛ ፊቱን መታችው። ወደቀ። ሊነሳ ሲል ደገመችው። አፍንጫው ገባ። ሦስተኛው አያስፈልግም ነበር፤ ስለ ድንቿ ሴትዮ ብላ ግን መታችው። ሽጉጡ ተንሸራቶ ከሚንቀለቀለው ምድጃ ስር ገብቷል። የመኪናውን ቁልፍ ብቻ ከኪሱ አወጣች።

በሩ ተከፈተ። ባዶ ትሪ የያዘ አንድ ሽማግሌ ቆሞ አያቸው።

«ምን ሆኖ ነው?»

«አንሸራቶት ነው። ሐኪም ይጥሩለት።»

ሽማግሌው የተደፋውን ድስት፣ የሚያቃስተውን ሰው፣ ደም ያለበትን ክዳን ተራ በተራ አየ።

«ዓሣውስ?» አለ።

ሽመላ ሩጫ ላይ ነበረች።

የራድን መኪና ከዳር አውርዳ ሐይቁ ላይ ስትወጣ ፍሬን አልነካችም። በጥር ሐይቁ መንገድ ነው። ጎጆዎቹ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ቢጫ ሆነው ተበትነዋል፤ ከየጭስ ማውጫቸው ጭስ ይወጣል። የማርሊስ አረንጓዴው ነው። በሩን በእግሯ ከፈተችው።

ማርሊስ የበረዶው ቀዳዳ አፍ ላይ መንጠቆዋን ይዛ ተቀምጣለች። ወፍራም ሴት ናት፤ የሟች ባሏን ካፖርት ነው የለበሰችው። «ምሳ አመጣሽልኝ ወይስ እጅሽን እያወዛወዝሽ መጣሽ?» አለች።

«ስልኩን ይስጡኝ።»

«ይህን ተነጋግረን ጨርሰናል።»

«አግኝተውናል። የሚከተሉት ስልኩን ነው። አሁን ይስጡኝ!»

ማርሊስ ስልኩን ደረቷ ላይ አጣበቀችው። «ጠዋት ነርሷ ደውላ ነበር። ዛሬን አትውልም ብላኛለች። መልሳ ትደውላለች። ስልኩን ጆሮዋ ላይ አደርግልሻለሁ፣ ድምፅሽን ትስማ ብላኛለች። ይገባሻል? ድምፄን ትስማ!»

«ይገባኛል።»

«እንግዲያው ውጪልኝ።»

ጊዜ አልነበረም። ሽመላ የማርሊስን የእጅ አንጓ ይዛ ጠመዘዘችው። ማርሊስ ጮኸች። ጣቶቿ ተከፈቱ። በሌላው እጇ በጥፊ አጮለቻት፤ የሽመላ ከንፈር ተሰነጠቀ።

«ቃል ገብተሽልኝ ነበር! አንቺም እንደነሱ ነሽ!»

«አዎ» አለች ሽመላ። የብር ዓሣውን ከደረቷ አውጥታ ካፖርቱ ላይ ሰካችላት። «ይህን ለዳኛዋ በእጅዎ ይስጡ። ለሌላ ለማንም አይስጡ። አሁን ሬይኖ ጎጆ ይግቡና ካርታ ይጫወቱ። የወረዳውን ፖሊስ ጥራ ይበሉት።»

ሬይኖ ጎረቤቷ ነው፤ ጢሙ ደረቱን የሸፈነ፣ ከሦስት ወንድሞቹ ጋር ቀኑን ሙሉ ካርታ የሚመታ። ማርሊስ በሬዲዮው ጩኸት ከእሱ ጋር ሳትጣላ የዋለችበት ቀን የለም። እያለቀሰች ወደዚያ ሄደች። ሽመላ የዓሣ መጎተቻዋን የፕላስቲክ ሸርተቴና በረዶ የሚፈተሽበትን ዲጂኖ አነሳች።

ሮጠች።

ከሐይቁ ምሥራቅ ወንዝ ይገባል። እዚያ ከስር ያለው ውሃ ስለሚሮጥ በረዶው በጥርም አይጠናም። ገና ካለፈ በኋላ የአካባቢው ሰው የገና ዛፉን አይጥልም፤ አምጥቶ በዚያ ስስ በረዶ ዙሪያ በመስመር ይተክለዋል። ጽሑፍ የለበትም። ዛፍ ካየህ ተመለስ ማለት እንደሆነ ሕፃኑም ያውቃል። ከዋሽንግተን ለመጣ ሰው ግን ዛፍ ዛፍ ነው።

ዛፎቹ ጋ ደርሳ በደረቷ ተኛች። ዲጂኖውን ዘርግታ በረዶውን ወጋ አደረገች። ብረቱ ሳይቸገር ጠለቀ። ከዚህ ወዲያ መሄድ የለም። ስልኩን ሸርተቴው ላይ አደረገችው።

ስልኩ ጠራ።

ስክሪኑ ላይ የአረጋውያን ማረፊያው ስም በራ።

ዞር አለች። ነጭ ፒካፕ ከዳር ወርዶ በጎጆዎቹ መሀል እየመጣ ነው። ስልኩን ይዛ ሬይኖ ጎጆ ብትመለስ ነጥቡም አብሯት ይመለሳል። ብታነሳው የምትሞተው ሴት የማታውቀውን ድምፅ ትሰማለች። ስልኩ መጥራቱን አላቆመም። ሽመላ ጥርሷን ነክሳ ሸርተቴውን በኃይል ገፋችው።

በነፋስ የተወለወለው በረዶ ላይ እየጠራ ሄደ። ርቆም ይሰማታል። በሕይወቷ ብዙ ሰው መትታለች፤ እንዲህ ያመማት የለም።

ከትልቁ ዛፍ ኋላ ተጋደመች። ፒካፑ አረንጓዴው ጎጆ ፊት ቆመ። አንድ ሰው ወርዶ በሩን ከፈተ፣ ተመለሰ። መኪናው ውስጥ የሁለት ሰው ጭንቅላት ታብሌት ላይ ተደፋ። ነጥቡ ተንቀሳቅሷል።

ፒካፑ ወደ ዛፎቹ ዞረ።

አልቀነሰም። አንዱን የገና ዛፍ ደፍጥጦ አለፈ።

መጀመሪያ ድምፁ መጣ። በረዶው እንደ ጥይት ጮኸ። ከዚያ የመኪናው አፍንጫ ሰመጠ። ሹፌሩ መስኮቱን በመዳፉ ሲመታ አየችው። አንዴ። ደግሞ። ጥቁሩ ውሃ ጣሪያው ላይ ተዘጋ። መዳፉ መስታወቱ ላይ እንደተለጠፈ ወረደ።

ሁለተኛው ሰው ዘሎ ነበር። እስከ ብብቱ ውሃ ውስጥ ሆኖ በክርኑ የበረዶውን ጠርዝ ይዟል። ሽበቱ ላይ ውሃው ወዲያው በረዶ ሆነ።

«ልጄ» አለ ዌንደል ስትራንድ። «እጅሽን ስጪኝ።»

በደረቷ እየተሳበች ቀረበችው። በረዶው ከስሯ ሲተነፍስ ይሰማታል።

«ለምን?» አለችው።

«የመጀመሪያውን ግዢ ያዘዝኩት እኔ ነኝ። ያኔ እነ ራድ ቢሮ ውስጥ ነበርኩ። ሴትዮዋ ታውቃለች።» ጥርሱ ይንገጫገጫል። «ለአገር ደህንነት ብዬ ነው። ማንንም አልጎዳም ብዬ ነው።»

«ከመኪናው ስር የተገኘውን ሰውስ?»

«ብርዱ… ሽመላ፣ እባክሽ።»

ልትተወው ትችል ነበር። ሽጉጥ አያያዝ ያስተማራት፣ አባቷ ሲሞት ሌሊቱን አብሯት የተቀመጠ ሰው ነው። ዲጂኖውን ዘረጋችለት። በግራ እጁ ጨበጠ። መጎተት ጀመረች። ትከሻው ወጣ። ደረቱ ወጣ።

ቀኝ እጁም ወጣ።

ሽጉጥ ነበረበት።

ተኮሰ። የግራ እጇ ሁለት ጣቶች አልነበሩም። መጀመሪያ አላመማትም፤ በረዶው ላይ ደሙ ሲያጨስ ብቻ አየች። ስትራንድ ምላጩን ደግሞ ሳበ። ሽጉጡ ቀዝቅዞ ነከሰ፤ አልተኮሰም።

«አንተ» አለችው። እርስዎ እያለች የኖረችውን ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ አንተ አለችው። «ማን እንደያዘህ አላየህም።»

ዲጂኖውን ለቀቀችው።

ብረቱ ከባድ ነው። ስትራንድ ሙጭጭ አድርጎ እንደያዘው ወደ ኋላ ወደቀ። ጣቶቹ አልታዘዙትም ወይም ሊለቀው አልፈለገም። ዓይኑ እስከ መጨረሻው እሷ ላይ ነበር።

ከዚያ ሐይቁ ዝም አለ።

ሸርተቴው የለም። የተሰበረው በረዶ ይዞት ወርዷል። ስልኩ አይጠራም።

ሰኞ ማርሊስ ኮስኪ በፋሻ በታሰረ እጅ ዳኛዋ ፊት ቆመች። ካፖርቷ ላይ የብር ዓሣ ተሰክቷል። አውጥታ በእጇ ሰጠች። የራድ ሳቅ ችሎቱን ሞላው፤ ደረሰኝ ይበቃኛል ሲል ዳኛዋ ብዕሯን አስቀመጠች። ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል እንዲሉ ከራድ በላይ ያሉ ስሞችም ወጡ። ቢሮው ያለ ማዘዣ እንዳይገዛ ታገደ። ራድ በክራንች እየተደገፈ እስር ቤት ገባ። በሌላ ስም የሚነግድ ሌላ ሱቅ የለም ብሎ የሚምል ሞኝ ግን የለም።

ሽመላ አልነበረችም። ዳና ፕሬል በመኪና አደጋ ሞተች ተብሎ ለኩባንያው ተነገረ። አበባ ላኩ።

የማርሊስ እናት ያን ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ሞተች። በዚያ አገር በክረምት አይቀበርም፤ መሬቱ አካፋ አይቀበልም። አስከሬን እስከ ፀደይ ይጠብቃል። በግንቦት የሐይቁ በረዶ ሲቀልጥ ቀበሯት።

ከቀብሩ በኋላ ለቀስተኛው ያው የቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ወርዶ ይበላ ነበር። በመጨረሻው ጠረጴዛ ጥግ ግራ እጇን ኪሷ የከተተች ሴት ተቀምጣለች። ፀጉሯ ጠቁሯል፤ መነጽር አድርጋለች። ስልክ የላትም። አንድም ሰው አላናገራትም።

ማርሊስ ሳህን ይዛ መጣችና ፊቷ አስቀመጠችላት። አልተቀመጠችም።

«ስንት ጊዜ ጠራ?» አለች።

ሽመላ ቀና አለች። ውሃው እስኪወስደው ድረስ ጠርቶ ነበር። አንዳንድ ሌሊት አሁንም ይጠራል።

«አንዴ» አለች። «ወዲያው ተዘጋ። የተሳሳተ ቁጥር ሳይሆን አይቀርም።»

ማርሊስ ሳህኑን ወደ እሷ አስጠጋችው። «ዕድሜዬን ሙሉ የመንግሥት ውሸት በእጄ ሲያልፍ ኖሬያለሁ» አለች። «ይህን ያህል የማያምር አላየሁም።»

ሽመላ አንገቷን ደፋች። «ይቅርታ ያድርጉልኝ» ማለት ፈልጋ ነበር።

«ብይ» አለች ማርሊስ። «ይቀዘቅዛል።»

በላች። ሳህኑን ባዶ አደረገችው። ማንም ሳያያት ተነስታ ወደ ኮት መስቀያው ሄደች። በአንድ እጅ ካፖርት መልበስ ጊዜ ይወስዳል፤ ስለዚህ ከግድግዳው ወዲያ ያለውን ሰማች። ያቺ ድንች የምታድለው ሴትዮ ነበረች። ከስታለች፤ ድምፅዋ ግን ያው ነው።

«ማርሊስ፣ ያቺ ጥግ የነበረችው የማን ወገን ናት? አላወቅኳትም እኮ።»

ሳህን ሲነባበር ተሰማ።

«በእናቴ በኩል ናት» አለች ማርሊስ።

ሽመላ የካፖርቷን ቁልፍ ቆልፋ ወጣች።